የማይቀየረውን ያስቀድሙ፦ በውስን ብር የጌም ላፕቶፕ ለሚገዛ የደብረ ታቦር ጀማሪ

ጌም ቤት በሰዓት ከፍሎ መጫወት ጣጣ የለውም። ማሽኑ ቢሞቅ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ኮንትሮለሩ ቢነቃነቅ ጉዳዩ የባለቤቱ ነው። የራስዎን ላፕቶፕ የገዙ ዕለት ግን ይህ ሁሉ ወደ እርስዎ ይዞራል። ደብረ ታቦር ላይ ሲሆን ደግሞ አንድ ነገር ይጨመርበታል፦ ብዙ ዓይነት ማሽን ደርድሮ የሚያማርጥ ገበያ የሚገኘው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕር ዳር፣ አለዚያም አዲስ አበባ ነው። «አልተመቸኝም፣ ቀይርልኝ» ለማለት በወረታ በኩል እንደገና መንገድ መግባት አለ። ስለዚህ ሂሳቡ ከግዢ በፊት ማለቅ አለበት።

ሂሳቡ የሚቆመው በአንድ መርህ ላይ ነው። በላፕቶፕ ውስጥ በኋላ የሚቀየር ነገር አለ፤ የማይቀየርም አለ። ራም ብዙ ጊዜ ይጨመራል፣ ኤስኤስዲ ይለወጣል፣ ባትሪ ይተካል። ግራፊክስ ካርዱ ግን ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዶ የመጣ ነው፤ የማቀዝቀዣው አሠራርም ከፋብሪካ እንደወጣ ይኖራል። ብር ሲያጥር የዛሬው ብር በማይቀየረው ላይ ይዋል፤ የሚቀየረው ይቆይ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህንን በተግባር የሚያሳዩ ናቸው።

ደረጃ 1፦ የሚጫወቱትን ጌም ይጻፉ

«ጌም የሚችል ላፕቶፕ አለህ?» ብሎ ሱቅ መግባት ሻጩ ሳይሸጥለት የከረመውን ዕቃ እንዲያወጣ መንገድ መክፈት ነው። ከቤት ሳይወጡ በእርግጥ የሚጫወቷቸውን ሦስት ወይም አራት ጌሞች በወረቀት ያስፍሩ። እያንዳንዱ ጌም የሚጠይቀው ዝቅተኛ አቅም ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ ላይ በጌሙ ገጽ ግርጌ፣ እዚያ ከሌለ በራሱ ድረ ገጽ ተዘርዝሯል። በጥቅሉ ሦስት ወገን ይሆናሉ።

ቀላሎቹ ቫሎራንት፣ ዶታ 2፣ ሮኬት ሊግ፣ ማይንክራፍትና ኢፉትቦልን የመሰሉት ናቸው። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ባይኖርም በቅርብ ጊዜ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ባለው ግራፊክስ ሴቲንጉን ዝቅ አድርጎ መጫወት ይቻላል።

መካከለኞቹ ጂቲኤ 5 እና ኤፍሲ 24 ዓይነቶቹ ናቸው። ጂቲኤ 5 ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ስለሆነ 4 ጊጋባይት የግራፊክስ ሜሞሪ ያለው ካርድ በደንብ ያስኬደዋል። ለኤፍሲ 24 ደግሞ አምራቹ ኢኤ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ፣ 8 ጊጋባይት ራምና 100 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ነው።

ከባዶቹ ሳይበርፐንክ 2077ን፣ ሬድ ዴድ ሪዴምፕሽን 2ንና አዳዲሶቹን ኮል ኦፍ ዲዩቲዎች ይጨምራሉ። እነዚህን ባማረ ምስል ለመጫወት 6 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የግራፊክስ ሜሞሪ ያስፈልጋል።

ጌም ቤት እግር ኳስና ጂቲኤ ሲጫወት ያደገ ጀማሪ ፍላጎቱ በአብዛኛው መካከለኛው ላይ ያርፋል። እዚያ ካረፈ ለከባዱ ክፍል መክፈል ብር ማባከን ነው።

ከእያንዳንዱ ጌም ስም ጎን ደግሞ «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል?» የሚል ዓምድ ይጨምሩ። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ የለም። ቫሎራንት ያለ ኢንተርኔት ተቃዋሚ የሚያገኙበት ጌም አይደለም። የጂቲኤ 5 የታሪክ ክፍልና የኤፍሲ የካሪየር ጨዋታ ግን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ከተከፈቱ በኋላ ያለ ኔትወርክም ይሄዳሉ። ዝርዝርዎ በሙሉ ኢንተርኔት የሚጠይቅ ከሆነ፣ ኔትወርክ በሌለበት ሳምንት ውድ ማሽንዎ ፊልም ማያ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ደረጃ 2፦ ጣሪያውን ይወስኑ፣ ብሩን ይከፋፍሉ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ላፕቶፕ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ጓደኛዎ ከዚያ በፊት የገዛበት ዋጋ ዛሬ አይሠራም። ዋጋ ሲያወዳድሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ግራፊክስ ካርድ ላላቸው ማሽኖች፣ ቢያንስ ከሦስት ሻጮች ይጠይቁ።

ከዚያ ያለዎትን ብር አሥር ቦታ ይክፈሉት። ስምንቱ እጅ ለማሽኑ ይሁን። አንዱ እጅ ራም ለመጨመር ወይም ኤስኤስዲ ለማሳደግ ይቀመጥ። የቀረው አንድ እጅ ለማውዝ፣ ለስታቢላይዘርና ለመንገድ ወጪ ይበቃል። አሥሩንም ማሽኑ ላይ የጨረሰ ሰው በመጀመሪያው ወር ማውዝ እየተበደረ ይጫወታል።

ብሩ የቤተሰብ ከሆነ አንድ እውነተኛ መከራከሪያ አለዎት። ለጌም የሚሆን ግራፊክስ ካርድ ለአርኪካድ፣ ለሶሊድወርክስ፣ ለብሌንደርና ለቪዲዮ ኤዲቲንግም ይሆናል። በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና የሚማር ልጅ ላፕቶፕ መግዛቱ ካልቀረ፣ ጨመር ተደርጎ ሁለቱንም ሥራ የሚችለውን መግዛት ያዋጣል። ይህ የሚሠራው ግን ትምህርቱ በእርግጥ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የሚጠይቅ ከሆነ ነው። ለዎርድና ለኤክሴል ብሎ ማስገዛት ወላጅን ማታለል ነው።

ደረጃ 3፦ ግራፊክስ ካርዱን ያስቀድሙ

ሻጭ ማስታወቂያውን የሚጀምረው ከፕሮሰሰሩ ነው፦ «ኮር አይ 7፣ 16 ራም፣ 512 ኤስኤስዲ፣ ስላይትሊ ዩዝድ»። ለጌም የሚወስነውን ግራፊክስ ካርድ ወይ አይጠራውም፣ ወይ በመጨረሻ ያነሳዋል። ብርቱ በሬ ከደካማ ጋር ቢጠመድ እርሻው የሚሄደው በደካማው እርምጃ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮር አይ 7ም ዕጣው ይኸው ነው። ቀይ መብራት የሚረጨው ኪቦርድም ቢሆን ለጌሙ ፍጥነት የሚጨምረው ነገር የለም።

ካርዶቹን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው እንይ።

• ኤምኤክስ በሚል የሚጀምሩት፣ ለምሳሌ ኤምኤክስ 150፣ 250 እና 350። ሻጩ «ዴዲኬትድ ነው» ይልዎታል፤ ዋሽቶም አይደለም። ነገር ግን የተሠሩት ለቢሮ ሥራ ማቀላጠፊያ ነው። ከቀላሎቹ ጌሞች አያልፉም።

• ጂቲኤክስ 1050፣ 1050 ቲአይ እና 1060። ዛሬም ይሠራሉ። ሆኖም አምራቹ ኢንቪዲያ ለዚህ ትውልድ፣ አዳዲስ ጌሞችን ተከትሎ ያወጣው የነበረውን ድራይቨር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሞ ወደ ደኅንነት ማሻሻያ ብቻ ዝቅ አድርጎታል። በጣም ካልረከሰ አይግዙ።

• ጂቲኤክስ 1650። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ካርድ ነው። ለመካከለኞቹ ጌሞች መነሻ ወለልዎ ይኼ ይሁን። ከኤኤምዲ ወገን አርኤክስ 5500ኤም እና 6500ኤም በዚሁ አካባቢ ይሰለፋሉ።

• ጂቲኤክስ 1660 ቲአይ እና አርቲኤክስ 2060። 6 ጊጋባይት አላቸው። ካገለገለ ዕቃ ውስጥ ለብርዎ ብዙ የሚመልሱት እነዚህ ናቸው።

• አርቲኤክስ 3050። አብዛኛው ባለ 4፣ አንዳንዱ ባለ 6 ጊጋባይት ነው። የትኛው እንደሆነ ሳያረጋግጡ ዋጋ አይቁረጡ።

• አርቲኤክስ 3060 እና 4050 በ6 ጊጋባይት፣ 4060 በ8 ጊጋባይት። ብሩ ከፈቀደ ለዓመታት የሚያስኬዱ ናቸው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ ይበሉ።

አንደኛው «4 ጂቢ ግራፊክስ አለው» የሚለው አባባል ነው። ዊንዶውስ ከራሙ ላይ እስከ ግማሽ ያህሉን ለግራፊክስ ማዋስ ይችላል። ስለዚህ ምንም ግራፊክስ ካርድ የሌለው ባለ 8 ጊጋባይት ራም ላፕቶፕ፣ ቅንብሩ ሲከፈት «አጠቃላይ የግራፊክስ ሜሞሪ 4 ጊጋባይት» ብሎ ያሳያል። ይህ የተዋሰ ሜሞሪ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት «ዴዲኬትድ» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ያለውን ቁጥር ነው። እዚያ 128 ሜጋባይት ካለ ካርድ የለም።

ሁለተኛው ዋት ነው። አንድ ዓይነት ስም ያለው ካርድ በተለያየ ላፕቶፕ ውስጥ የተለያየ ኃይል ይሰጠዋል። የላፕቶፑ አርቲኤክስ 3050 እንደ አምራቹ ምርጫ ከ35 እስከ 80 ዋት ይወስዳል፤ በ35 ዋት የሚሠራው በ80 ዋት ከሚሠራው በብዙ ይዘገያል። ቀጫጭንና ቀላል ላፕቶፖች ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛውን ዋት ይይዛሉ። ፍንጩ ቻርጀሩ ላይ ነው፦ ባለ 4 ጊጋባይት ካርድ ያለው የጌም ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ከ130 እስከ 150 ዋት ቻርጀር ይዞ ይመጣል። ባለ 65 ዋት ቻርጀር ካቀረቡልዎት ወይ ቻርጀሩ የእሱ አይደለም፣ ወይ ማሽኑ የጌም አይደለም።

ሦስተኛው ዕድል ነው። በውጭ አገር ድርጅቶች ተጠቅመው የጣሏቸው የምህንድስና ላፕቶፖች ባገለገለ ዕቃ ገበያ ይገኛሉ፦ ዴል ፕሪሲዥን፣ ኤችፒ ዜድቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ። ጌም የሚል ጽሑፍ ስለሌለባቸው የጌም ገዢ አይሻማባቸውም። በውስጣቸው ኳድሮ ቲ1000 ወይም ቲ2000 ካለ፣ ካርዱ ከጂቲኤክስ 1650 ጋር በአንድ ዓይነት ቺፕ ላይ የተሠራ ነው፤ ጌሙንም በተቀራራቢ ፍጥነት ያስኬዳል። ኳድሮ ፒ1000 እና ፒ2000 ግን ድራይቨሩ የቆመበት አሮጌ ትውልድ ነው።

ደረጃ 4፦ ፕሮሰሰር፣ ራምና ኤስኤስዲ

ፕሮሰሰር ሲመርጡ «አይ 5» ወይም «አይ 7» የሚለው ላይ አይቁሙ። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። አይ 5-9300ኤች ሲል 9 ትውልዱን፣ ኤች ደግሞ ከፍ ያለ ኃይል የሚወስድ መሆኑን ይነግራል። መጨረሻው ላይ «ዩ» ካለ ኃይል ለመቆጠብ የተሠራ ነው። 9ኛ ትውልድ አይ 5 ኤች ከ7ኛ ትውልድ አይ 7 ይመረጣል። ሌላም ምክንያት አለ፦ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃ ሲሆን፣ ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ለጌም አይግዙ። ራይዘን ከሆነ 5 4600ኤች ወይም 5 5600ኤች ጥሩ መነሻ ነው።

ራም 8 ጊጋባይት ከሆነ መጀመር ይቻላል፤ 16 ግን ያስተነፍሳል። ከመጠኑ ጋር ቁጥሩም ይታይ። ባለ 8 አንድ ራም ከሚሰካ ባለ 4 ሁለት ወይም ባለ 8 ሁለት ሲሰካ ማሽኑ ይፈጥናል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይሠራሉና። ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ማሽን ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። የ11ኛ ትውልድ ኢንቴል «አይሪስ ኤክስኢ» ግራፊክስ ሙሉ አቅሙን የሚያወጣው ሁለት ራም ሲሰካለት ነው፤ በአንዱ ብቻ ሲሠራ ስሙ ራሱ ወደ «ዩኤችዲ» ይወርዳል። ስለዚህ ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ባዶ የራም ሶኬት አለው ወይስ ራሙ የተበየደ ነው? ዲዲአር 4 ነው ዲዲአር 5? ሁለቱ አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም።

ለማከማቻ ኤስኤስዲ ግድ ነው። መጠኑ ግን መጨነቂያ አይሁን። ጂቲኤ 5 እና ኤፍሲ 24 እያንዳንዳቸው 100 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ባዶ ቦታ ስለሚጠይቁ 256 ጊጋባይት ቶሎ ይሞላል፤ ሲሞላ በ512 መቀየር ይቻላል። በጣም ጥሩ ካርድ ያለው ማሽን በትንሽ ኤስኤስዲ ምክንያት ዋጋው ወርዶ ካገኙ አይለፉት።

ስክሪኑ 15.6 ኢንች፣ ፉል ኤችዲ ከሆነ ይበቃል። 144 ኸርዝ የሚባለው ስክሪን ካርዱ በሰከንድ ከ100 በላይ ፍሬም ሲያወጣ የሚጠቅም ነው። ጂቲኤክስ 1650 ከባድ ጌም ላይ ወደዚያ ስለማይደርስ ለዚህ ተብሎ ብር አይጨመርም።

ደረጃ 5፦ ለደብረ ታቦር አየርና መብራት ይዘጋጁ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገሮች አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። የላፕቶፕ ፋን ሙቀት የሚያወጣው አየር እየገፋ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ በአንድ ዙር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። የአገራችን ብርድ በከፊል ይክሰዋል፤ ነገር ግን ፋኑ ይበልጥ መሽከርከሩ አይቀርም። እንደ ዴልና ኤችፒ ያሉ አምራቾች በብዙ ሞዴሎቻቸው መግለጫ ላይ የሚያሰፍሩት የአሠራር ከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ታቦር ከዚያ በታች ናት። ወደ ጋይንት ወጥተው ንፋስ መውጫ አካባቢ የሚጫወቱ ከሆነ ግን ከመስመሩ አናት ላይ ነዎት።

ከዚህ የሚከተለው ምክር አጭር ነው። ሁለት ፋን ያለውን፣ ሙቀት በኋላ ወይም በጎን የሚያስወጣውን፣ ወፈር ያለውን ማሽን ይምረጡ። ቅጥነት ደብረ ታቦር ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ኤችፒ ቪክተስ፣ ሌኖቮ ሌጅን 5ና ሎክ፣ ኤሰር ናይትሮ 5፣ አሱስ ታፍ ጌሚንግ፣ ዴል ጂ15 በዚህ ዓይነት አሠራር የተሠሩ ናቸው። ብርድ ነው ብለው አልጋ ላይ በጋቢና በብርድ ልብስ መሐል አያስቀምጡት፤ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው። ጠረጴዛ ላይ አድርገው የኋላውን ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ያድርጉት። ከሰል ከሚነድበትና ቡና ከሚቆላበት ቦታም ያርቁት፤ ጭሱና ዘይቱ ከአቧራ ጋር ፋኑ ላይ ይጋገራል። ጌሙ ውስጥ ገብተው ፍሬሙን 60 ላይ መገደብ ብቻውን ሙቀቱን በግልጽ ይቀንሰዋል።

መብራት ሌላው ጉዳይ ነው። የጌም ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ካርዱ ሙሉ ኃይል አያገኝም፤ ጌሙ ይንቀራፈፋል፤ ባትሪውም በአንድ ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ስለዚህ «ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል?» የሚለው ጥያቄ ለጌም አይጠቅምም። ባትሪው የሚጠቅመው መብራት ድንገት ሲጠፋ ጌሙን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ነው። ለዚህም ቢሆን በሕይወት ያለ ባትሪ ያስፈልጋል።

ቻርጀሩ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይዩ፤ ካለ ከአሜሪካ የመጣም ቢሆን በእኛ 220 ቮልት ይሠራል፣ የሚቀየረው የሶኬት ጫፉ ብቻ ነው። በስታቢላይዘር ይጠቀሙ፤ ምጣድ ወይም ምድጃ ከተሰካበት ዲቫይደር ጋር አያጋሩት። መብራት ሲጠፋ ይንቀሉ፤ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ አሳልፈው ይሰኩ፤ ዕቃ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ የመምጫው ምት ነው። በክረምት መብረቅ ሲበዛ ስታቢላይዘር አያድንም፤ ከግድግዳው መንቀል ብቻ ነው መፍትሔው።

ደረጃ 6፦ የት እንደሚገዙ ይወስኑ

ደብረ ታቦር ውስጥ ከሚገኝ ሱቅ ሲገዙ ምርጫው ይጠባል፤ ሻጩ ግን ነገም እዚያው ነው። ባሕር ዳር ምርጫው ይሰፋል፤ ጠዋት ሄዶ ፈትሾ ለመመለስ ይቻላል፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። አዲስ አበባ መርካቶ፣ መገናኛና ቦሌ ዋጋው የሚረክስበት አጋጣሚ አለ፤ የትራንስፖርትና የማደሪያው ሲደመር ግን ልዩነቱ ሊጠፋ ይችላል። እዚያ ማሽን የሚያውቅ ዘመድ ካለዎት በደረጃ 7 ያለውን ዝርዝር ይላኩለት።

ቴሌግራም ላይ ያሉ የሽያጭ ቻናሎች ዋጋ ለማጥናት ጥሩ ናቸው። ለመክፈል ግን ማሽኑ እጅዎ ገብቶ እስኪፈተሽ ይጠብቁ። «ቅድሚያ በቴሌብር ይላኩና በአውቶቡስ እልክልዎታለሁ» የሚል ሰው ዕቃ ይኑረው አይኑረው የሚያውቁበት መንገድ የለም። «ሌላ ሰው እየጠበቀው ነው፣ ይፍጠኑ» ሲባሉም መልሱ «ይውሰደው» ነው፤ ነገ ሌላ ይመጣል።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ በኅዳር ወር አጋማሽ ገደማ አሜሪካ ውስጥ የሚደረገውን የብላክ ፍራይዴይ ቅናሽ እንዲጠብቅልዎ ይንገሩት። «ጥሩ ላፕቶፕ አምጣልኝ» አይበሉት፤ የካርዱን ስም፣ ዋቱንና የራም ሶኬቱን ጽፈው ይላኩለት።

ደረጃ 7፦ ሳይከፍሉ ይፈትሹ

አንድ ፍላሽ ይያዙ። በውስጡ ሦስት ትናንሽ ፕሮግራሞች ይጫኑ፦ ሙቀት የሚያሳየውን ኤችደብሊውኢንፎ፣ ካርዱን የሚያስጨንቀውን ዩኒጂን ሄቨን፣ የኤስኤስዲ ጤና የሚናገረውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ። ሦስቱም በነፃ ይገኛሉ። ሻጩን «ወንድሜ፣ ግማሽ ሰዓት ስጠኝና ልፈትሸው» ይበሉት። በዕቃው የሚተማመን ነጋዴ አይከለክልም፤ የከለከለ ቀን ፈተናው እዚያው አለቀ።

1. ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ በአንድነት ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ገብተው የፕሮሰሰሩን ስም፣ የራሙን መጠንና ስንት ሶኬት እንደተያዘ ያንብቡ። ታች የግራፊክሱን ስምና «ዴዲኬትድ» ሜሞሪውን ይዩ። የተነገረዎት ካርድ ከሌለ ወሬው አበቃ።

2. ቻርጀሩን ሰክተው ሄቨንን ለ20 ደቂቃ ያስኬዱ፤ ጎን ለጎን ሙቀቱን ይከታተሉ። ካርዱ ከ80ዎቹ አጋማሽ ካላለፈና ፍሬሙ እንደ መጀመሪያው ከቀጠለ ደኅና ነው። ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ አልፎ ፍጥነቱ የሚወርድ ከሆነ፣ አቧራው መጠረግና ቴርማል ፔስቱ መቀየር አለበት፤ ይህን በዋጋው ላይ ይደራደሩበት። ማሽኑ ድንገት ከጠፋ፣ ስክሪኑ ላይ መስመር ወይም ነጠብጣብ ከታየ ይተዉት።

3. የኤስኤስዲውን ጤና በመቶኛ ያንብቡ። ከ80 በታች ከሆነ መቀየሪያውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።

4. የባትሪውን ሪፖርት ያውጡ። ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወርሲኤፍጂ» ብለው ክፍት ቦታ ትተው፣ ስላሽ አድርገው «ባተሪሪፖርት» ብለው ይጻፉ። ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና ዛሬ የቀረውን ያሳይዎታል። ከግማሽ በታች ከቀረ የመቀየሪያው ወጪ የእርስዎ እንደሆነ ያስቡ።

5. ኪቦርዱን ዎርድ ላይ አንድ በአንድ ይጫኑት፤ ለጌም የሚደበደቡትን ደብሊው፣ ኤ፣ ኤስና ዲ በተለይ ይዩ። ማጠፊያውን ይክፈቱ ይዝጉ፤ ከተሰነጠቀ ቀስ በቀስ ስክሪኑን ይበላዋል። ዩኤስቢውን፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን፣ ዋይፋዩን፣ ድምፁን ይሞክሩ።

6. አጥፍተው እንደገና ያብሩና ወደ ባዮስ ይግቡ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ አይግዙ። ከውጭ ድርጅት የወጣ ማሽን ከሆነ ዊንዶውስ በኢንተርኔት እንደ አዲስ ሲጫን የድርጅት ኢሜይል የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል፤ «እንዲህ ቢያደርግ ትመልሳለህ» የሚለውን ቃል በጽሑፍ ይቀበሉ።

7. በጀርባው የተጻፈው ሲሪያል ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይስፈር። ከግለሰብ የሚገዙ ከሆነ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ አያይዘው አጭር ውል ይጻፉ። የተሰረቀ ዕቃ ሆኖ ቢገኝ ማን እንደሸጠልዎ ማሳየት የሚችሉት በዚህ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ላፕቶፑ ጉልበትዎ ላይ ይሁን እንጂ መኪናው ጣሪያ ላይ አይጫን።

ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ሳምንት

በዚህ ሳምንት ማሽኑን አይቆጥቡት። ሻጩ የሰጠዎት የመመለሻ ጊዜ ሳያልቅ በየቀኑ ሁለት ሦስት ሰዓት ያጫውቱት፤ ችግር ካለው አሁን ይውጣ። የካርዱን ድራይቨር ከአምራቹ ያውርዱ። ሁለተኛውን ራም ካልገዙ አሁን ይግዙ፤ ያስቀመጡት አንድ እጅ ብር ለዚህ ነው።

ጌሞቹን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በሞባይል ዳታ 100 ጊጋባይት ማውረድ የማይታሰብ ከሆነ፣ ያንኑ ጌም የጫነ ጓደኛ ዘንድ በኤክስተርናል ዲስክ የስቲም ማህደሩን ቀድተው በራስዎ ስቲም ውስጥ ያስቀምጡት፤ «ጫን» ሲሉት ያለውን ፋይል አረጋግጦ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ለሚከፈልባቸው ጌሞች የራስዎ አካውንት ያስፈልጋል፤ ውጭ ያለ ዘመድ የስቲም ጊፍት ካርድ ሊልክልዎ ይችላል። ኤፒክ ጌምስ ስቶር በየሳምንቱ በነፃ የሚሰጠው ጌም አለ፤ ኢፉትቦል፣ ዶታ 2፣ ካውንተር ስትራይክ 2ና ቫሎራንትም በነፃ ይገኛሉ። ክራክ የተባለው ግን በፍላሽ ከእጅ እጅ ሲዞር ቫይረስ ይዞ ይዞራል፤ የባንክ ወይም የትምህርት ሥራ በሚሠሩበት ማሽን ላይ መጫን አደጋ ነው።

በመጨረሻ፣ ውሳኔው በሦስት ይጠቃለላል።

ብሩ በጣም ካጠረ፦ 11ኛ ትውልድ አይ 5 ከአይሪስ ኤክስኢ ጋር፣ ሁለት ራም ተሰክቶለት። ቀላሎቹን ጌሞች ይጫወቱ፤ ለጂቲኤ ሴቲንጉን ዝቅ ያድርጉ።

መካከለኛ ከሆነ፦ ጂቲኤክስ 1650 ያለው ያገለገለ የጌም ላፕቶፕ፣ ወይም ቲ1000 ያለው ዜድቡክ ወይም ፕሪሲዥን። ራሙ 8፣ ኤስኤስዲው 256 ቢሆንም ይሂዱበት።

ትንሽ ሻል ካለ፦ ከጂቲኤክስ 1660 ቲአይ ጀምሮ 6 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ማንኛውም ካርድ፣ ሁለት ፋን ባለው ወፍራም ማሽን ውስጥ።

ከሦስቱ መካከል የሚያመነቱ ከሆነ፣ ከሚያምረው አዲስ ማሽን ይልቅ የተሻለ ካርድ ያለውን ያገለገለ ማሽን ይውሰዱ። ውበቱ በወር ይለመዳል፤ የካርዱ ድካም ግን ላፕቶፑ እስኪሸጥ ድረስ አብሮዎት ይኖራል።